ጥፋተኛው ባልታወቀ ጊዜ

አገር ሰላም ነው ተብሎ በተተኛበት ሌሊት ወንጀል ተፈጽሞ ቢያድርና ወንጀለኛው ማን እንደሆነ ባይታወቅ፣ በማግሥቱ የሚነሡት ጥያቄዎች ሁለት ናቸው። አንደኛው «ይህን ያደረገው ማን ነው?» የሚለው ነው። ሁለተኛው ግን ብዙ ጊዜ ጮክ ተብሎ አይነገርም፤ «እስኪታወቅ ድረስ እንዴት ሆነን እንኑር?» የሚል ነው። ለመጀመሪያው ጥያቄ መልስ የሚፈልጉ መርማሪዎችና ዳኞች አሉ። ሁለተኛውን የሚመልሰው ኅብረተሰቡ ራሱ ነው፤ አመላለሱም ስለ ወንጀለኛው ሳይሆን ስለ መላሹ ማንነት ይመሰክራል። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ይህ ሁለተኛው ጥያቄ ነው።

ለነገሩ መነሻ የሆነኝ አንድ የኮሪያ ፊልም ነው። ኮሪያ ለእኛ ፈጽማ ባዕድ አገር አይደለችም፤ በ1943 ዓ.ም. የዘመተው የቃኘው ሻለቃ ደም በዚያች ምድር ፈስሷል። ፊልሙ ግን የሚተርከው ስለ ጦር ሜዳ ሳይሆን ስለ ሰላማዊ የገጠር መንደር ነው። አዘጋጁ ቦንግ ጁን-ሆ ይባላል፤ በ2003 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ የቀረበው ይኸው ሥራው «የግድያ ትዝታዎች» ተብሎ ሊተረጐም ይችላል። ሥረ መሠረቱ ተውኔት ነው፤ ኪም ጓንግ-ሪም የተባለው ጸሐፌ ተውኔት በ1996 እ.ኤ.አ. ለመድረክ ያበቃውን ሥራ ይከተላል። የተውኔቱም የፊልሙም ምንጭ እውነተኛ ታሪክ ነው። ከሴኡል በስተደቡብ በምትገኘው በሁዋሶንግ ገጠር ከ1986 እስከ 1991 እ.ኤ.አ.፣ በእኛ አቈጣጠር ከ1979 እስከ 1983 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ ዐሥር ሴቶች በተከታታይ ተገደሉ። ከሟቾቹ መካከል ገና ያልጐለመሰች ልጃገረድም የ71 ዓመት አሮጊትም ነበሩ። ፊልሙ በተሠራበት ጊዜ ገዳዩ አልታወቀም ነበር።

ፊልሙ የሚከፈተው በመከር ወራት ነው። ወርቅ የመሰለ የሩዝ ማሳ በነፋስ ይተኛል፣ ይነሣል፤ ሕፃናት አንበጣ ያሳድዳሉ፤ በማሳው ዳር በተሠራው የውኃ መውረጃ ቦይ ውስጥ የአንዲት ሴት አስከሬን ተጋድሟል። ይህን ትዕይንት ስመለከት ልቤ ወደ ዳባት ሄደ። ከጐንደር ወደ ደባርቅ የሚወስደውን መንገድ ይዞ በወገራ ደጋ ላይ በጥቅምት የተጓዘ ሰው ያንን ቀለም ያውቀዋል፤ ልዩነቱ የእኛው ገብስ መሆኑ ብቻ ነው። እዚህም ሕፃናት በማሳ ዳር ይሯሯጣሉ። እዚህም ከማሳው ባሻገር ገደል አለ። ልቤን ወደዚያ የወሰደው ግን የማሳው ቀለም ብቻ አልነበረም።

በሁዋሶንግ ያ ሁሉ ግፍ በሚፈጸምበት ዘመን፣ በ1980 ዓ.ም.፣ እኔ በዳባት አቅራቢያ የምኖር የስምንት ዓመት ልጅ ነበርሁ። የጐረቤታችን የአንዲት ባልቴት ጥገት ላም አንድ ማታ ሳትገባ ቀረች። በጥገት ላም ለሚተዳደር ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በማግሥቱ ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ፤ ጥርጣሬውም ሳይውል ሳያድር ማረፊያ አገኘ። ከወደ ጃን አሞራ መጥቶ በእረኝነት የተቀጠረ፣ ዕድሜው ከዐሥራ አራት የማይበልጥ፣ ዘመድ የሌለው ልጅ ነበር። እኔን ጠሩኝ። «አንተ ልጅ፣ ትናንት ወደ ማታ በረቱ አጠገብ ይህን ልጅ አይተኸዋል?» አሉኝ። አላየሁትም ነበርና አላየሁም አልሁ። እንደገና ጠየቁኝ፤ አሁንም አላየሁም አልሁ። ሦስተኛ ጊዜ ሲጠይቁኝ አንድ ትልቅ ሰው ራሴን ደባበሰና «አትፍራ የኔ ልጅ፣ እውነቱን ተናገር» አለኝ። ያን ጊዜ «እውነት» የሚሉት ነገር ምን እንደሆነ ገባኝ። አይቼዋለሁ አልሁ።

እረኛው ተገረፈ። በዓመቱ መጨረሻ ሊቀበለው የነበረው እህል ተያዘበት። ጋቢውን ተከናንቦ በሊማሊሞ በኩል ይሁን ወደ አገሩ፣ የሄደበትን ያየ የለም። ክረምቱ ካለፈ በኋላ ሣር አጫጆች ከአንድ ገደል ሥር የላም አጥንትና በአንገቷ የነበረውን ቃጭል አገኙ። ላሚቱ ገደል ገብታ ኖሯል። ባልቴቷ ቃጭሉን ተቀበለች፤ ሽማግሌዎቹ «የአምላክ ሥራ» አሉ፤ የእረኛውን ስም ግን ያነሣ ሰው አልነበረም። እኔም አላነሣሁም።

የላም መጥፋት ከሰው መገደል ጋር አይወዳደርም፤ ላወዳድርም አልተነሣሁም። የሐሰት አወላለድ ግን በሁለቱም ዘንድ አንድ ነው። ሽማግሌዎቹ ክፉዎች አልነበሩም፤ ከባልቴቷ ጋር ያዘኑ ሰዎች ነበሩ። ያ ሐዘናቸው የሚያርፍበት አንገት ፈለገ፤ አንገቱም በቅርብ ተገኘ። የጐደለው ምስክር ብቻ ነበርና እርሱን ከሕፃን አፍ ወሰዱት።

* * *

ጐልምሼ የአገራችንን የጥንት ሥርዓት ሳነብ ይህንኑ ታሪክ በሌላ መልክ አገኘሁት። ሌባ ሻይ የሚባለው ልማድ ነው። «ሻ» ፈለገ ማለት ነውና ቃሉ ሌባ ፈላጊ እንደማለት ይሆናል። ዕቃ የጠፋበት ሰው ባለ መድኃኒቱን ያስጠራል። ባለ መድኃኒቱም ለአቅመ አዳም ያልደረሰ አንድ ልጅ ያመጣና መድኃኒት በወተት በጥብጦ ያጠጣዋል፤ ጢስ ያስበዋል። ልጁ ራሱን ሲስት ወገቡን በገመድ ታስሮ ይለቀቃል፤ እየተንገዳገደ በየመንደሩ ይዞራል፤ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው ተብሎ ዕዳ ይከፍላል። ገመዱን ይዞ ከኋላ የሚከተለው ግን ትልቅ ሰው ነው። ይህ ልማድ በአልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ዘመን እንዲቀር ተደርጓል።

ዛሬ ስለ ሌባ ሻይ ስናነብ የኋላ ቀርነት ምልክት ነው ብለን እናልፈዋለን። ነገር ግን የልማዱ ምስጢር ከመድኃኒቱ ውስጥ አይደለም፤ ከገመዱ ነው። ትልቁ ሰው የሚፈልገውን ሕፃኑ ይናገራል፤ ሕፃኑ የተናገረውን ደግሞ ትልቁ ሰው ከሰማይ እንደወረደ ቃል ይቀበላል። በዚህም መንገድ ጥርጣሬው ባለቤት የሌለው እርግጠኝነት ይሆናል፤ ማንም አልከሰሰም፣ ማንም አልፈረደም፣ ልጁ ወደቀ እንጂ። እኔ መድኃኒት አልጠጣሁም፤ ነገር ግን በዚያች ቀን ወገቤ ላይ ገመድ ነበረ።

ከሌባ ሻይ ጐን ሌላ ሥርዓት ነበረን፤ አንዳንዱ አገር አፈርሳታ ሲለው አንዳንዱ አውጫጭኝ ይለዋል። ደራሲ ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በዚሁ ስም በእንግሊዝኛ በጻፈው ልብ ወለድ፣ ጐጆው ስለተቃጠለበት ሰው አገር ሲሰበሰብ አሳይቶናል። ወንጀል ተፈጽሞ ወንጀለኛው ሲሰወር የአካባቢው ሰው ሁሉ ወደ አንድ ሜዳ ይጠራል፤ እየማለ የሚያውቀውን ያወጣል። የቀረ ይቀጣል። ሥራ ይፈታል፤ ቀኑ በፀሐይና በነፋስ ያልፋል። ስብሰባው ለጥቆማ፣ ለቂም መወጫና ለሐሜት የተመቸ መሆኑም አይካድም። ይሁን እንጂ በዚህ ሥርዓት ውስጥ አንድ ታላቅ ሐሳብ ተቀብሮ ይገኛል። ወንጀለኛው ከነጭራሹ ያልታወቀ እንደሆነ ለተጐዳው ሰው ካሣውን የሚከፍለው አገሩ በሙሉ ነው።

ይህን ልብ እንበለው። ሌባ ሻይ «አላወቅንም» የሚለውን ቃል መሸከም አይችልም፤ ስለዚህ አንድ ሰው ፈልጐ በላዩ ይጭነዋል። አፈርሳታ ግን፣ ጉድለቱ እንዳለ ሆኖ፣ አለማወቁን አምኖ ዋጋውን ለሁሉም ያካፍለዋል። ተበዳዩም ባዶ እጁን አይቀርም፣ ንጹሑም ብቻውን አይከፍልም። አለማወቅ ራሱ ዕዳ እንደሆነና የዚህም ዕዳ ባለቤት አገር እንደሆነ ያስተምራል።

* * *

አሁን ወደ ፊልሙ እንመለስ። በፊልሙ ውስጥ ሁለት መርማሪዎች አሉ። አንደኛው፣ ሶንግ ካንግ-ሆ የሚጫወተው ፓርክ፣ የአገሬው ሰው ነው። የሰውን ዓይን አይቼ ጥፋተኛውን ከንጹሑ እለያለሁ ብሎ ያምናል። በፊልሙ መጀመሪያ አካባቢ አለቃው በፖሊስ ጣቢያው የተቀመጡ ሁለት ወጣቶችን ያሳየዋል። አንደኛው ሴት የደፈረ ነው፤ ሌላው ወንጀለኛውን ይዞ ያመጣው የተበዳይዋ ወንድም ነው። የትኛው የትኛው ነው? ይለዋል። ፓርክ አፍጥጦ ያያቸዋል። ፊልሙ ግን መልሱን ሳይነግረን ያልፋል። ተመልካች በዚህ ጊዜ ይስቃል፤ ሳቁ የሚያንቀው ኋላ ነው።

ፓርክና ባልደረባው አእምሮው ዝግ የሆነ አንድ ወጣት ይይዛሉ። ይደበድቡታል፤ ደግሞም ያበሉታል፤ ምን ብሎ ማመን እንዳለበት ቃል በቃል ያስጠኑታል። የጫማውን ዱካ ራሳቸው በጭቃ ላይ አትመው ማስረጃ ያደርጉታል። ነገሩ አልሳካ ሲላቸው ወደ ጠንቋይ ሄደው ያስጠነቍላሉ። ሌባ ሻይን የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ይህን ትዕይንት ማብራሪያ ሳያስፈልገው ይረዳዋል። ያ ወጣት ግን ወንጀሉን የፈጸመ ሳይሆን ወንጀሉን ያየ ሰው ኖሯል። አፉን በራሳቸው ቃል ስለ ሞሉት የእርሱን ቃል የሚሰማበት ጆሮ አጡ፤ ይህ በታወቃቸው ጊዜም ወጣቱ በባቡር ተገጭቶ ይሞታል።

ሁለተኛው መርማሪ ሴኦ ከሴኡል የመጣ፣ የተማረ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። ወረቀት አይዋሽም ባይ ነው። ዱላ ይጸየፋል፤ ጠንቋይ ይንቃል። የፊልሙ ጥልቀት የሚታየው በዚህ ሰው ነው። ዝናብ በዘነበ ሌሊት ሴቶች እየሞቱ፣ እርሱም አንዱን ተጠርጣሪ «ይህ ነው» ብሎ በልቡ ካተመ በኋላ፣ ቀስ በቀስ ሌላ ሰው ይሆናል። ከአስከሬን የተገኘው ናሙና ለዲ ኤን ኤ ምርመራ ወደ አሜሪካ ይላካል፤ በዚያን ጊዜ በአገሩ ይህ ጥበብ አልነበረምና። ውጤቱ ሲመጣ ከተጠርጣሪው ጋር አይገጥምም። ያን ጊዜ ወረቀት አይዋሽም ይል የነበረው ሰው ወረቀቱን ይክዳል፤ በባቡር ዋሻ አፍ በዝናብ ውስጥ ሽጉጡን በተጠርጣሪው ላይ ይደግናል።

ከዚህ የምንማረው ትምህርት ለእኛ ለተማርነው የሚመች አይደለም። ዕውቀት ሰውን ከሌባ ሻይ አያድንም። ሰው በዕውቀቱ ሁሉ ላይ አንድ ነገር ካልጨመረ፣ ማለትም ልቡ የጠላውን ሰው ማስረጃው ነጻ ሲያወጣው ለማስረጃው መገዛትን፣ መማሩ ገመዱን ያሳምረው እንደሆነ ነው እንጂ አይበጥሰውም።

ሴኦን ከመግደል የሚያግደው ያው በዓይን እፈርዳለሁ ባዩ ፓርክ ነው። የተጠርጣሪውን ፊት በሁለት እጁ ይዞ ወደ ዓይኑ አተኵሮ ይመለከታል። ያ ሁሉ ዘመን የተመካበትን ጥበብ ለመጨረሻ ጊዜ ይሞክራል። ከዚያም በንዴትና በድካም እንደማያውቅ ይናገራል፤ ወዲያውም ምግብ ትበላለህ ወይ ብሎ ይጠይቀዋል። በእኔ አስተያየት የፊልሙ ቍንጮ ይህ ነው። በፊልሙ ውስጥ ካለው ዱላ፣ ጩኸትና ሩጫ ሁሉ ይልቅ የፍትሕን ስም የሚገባው ይህ የሽንፈት ቃል ነው። ተጠርጣሪው ተለቆ በዋሻው ጨለማ ውስጥ ይጠፋል። ወንጀለኛ ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል። ተመልካች ይህን ተሸክሞ ከአዳራሽ ይወጣል።

* * *

ፊልሙ ከታየ ከዐሥራ ስድስት ዓመት በኋላ እውነቱ ወጣ። በመስከረም ወር 2019 እ.ኤ.አ. የኮሪያ ፖሊስ ገዳዩን መለየቱን አስታወቀ። ሰውየው ሊ ቹን-ጄ የሚባል ሲሆን የሚስቱን እኅት በመግደሉ ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በእስር ላይ የነበረ የዕድሜ ልክ ፍርደኛ ነበር። የሁዋሶንግን ግድያዎች ጨምሮ ዐሥራ አራት ሰው መግደሉን አመነ። በምርመራው ዘመን ፖሊስ ጠይቆት አልፎት ነበር፤ አንዱ ምክንያት ገዳዩ የደም ዓይነቱ «ቢ» ነው ተብሎ በስሕተት መታመኑ ነው፤ የእርሱ ግን «ኦ» ነበር። የክስ መቅረቢያው ጊዜ በ2006 እ.ኤ.አ. በይርጋ ስላለፈ በእነዚህ ግድያዎች ሊከሰስ አልቻለም።

የታሪኩ እጅግ መራራ ክፍል ግን ሌላ ነው። ከዐሥሩ ግድያዎች አንዱ፣ በ1988 እ.ኤ.አ. የተፈጸመው ስምንተኛው፣ ጥፋተኛው የተገኘለት ጉዳይ ተብሎ ተዘግቶ ነበር። የተያዘው በሃያዎቹ መጀመሪያ ዕድሜ ላይ የነበረ፣ የእርሻ መሣሪያ በመጠገን የሚተዳደር፣ አንድ እግሩ በሕፃንነቱ በልጅነት ልምሻ የተጐዳ ድኻ ወጣት ነው። እንቅልፍ ተከልክሎ፣ ተደብድቦ አመነ። በሥፍራው ከተገኘ ጠጕር ጋር የእርሱ ጠጕር በጨረር ምርመራ ተመሳከረና አንድ ነው ተባለ። የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት፤ ሃያ ዓመት ያህል ታስሮ በ2009 እ.ኤ.አ. ወጣ። ገዳዩ ራሱ የእኔ ሥራ ነው ብሎ ካመነ በኋላ ፍርድ ቤት ጉዳዩን ዳግመኛ መርምሮ በታኅሣሥ ወር 2020 እ.ኤ.አ. በነጻ አሰናበተው።

የጠጕሩን ምርመራ እናስብ። ነጭ ካባ የለበሱ ሰዎች በዘመናዊ መሣሪያ ያደረጉት ነው። የሚፈለገው መልስ አስቀድሞ ታውቆ ነበርና መሣሪያው ያንኑ ተናገረ። በወተት የተበጠበጠው መድኃኒት በጨረር ተተካ እንጂ የገመዱ ሥራ አልተለወጠም። ልጁ የወደቀው እንደ ወትሮው በድኻው፣ በአካለ ስንኩሉ፣ ጠበቃ በሌለው ሰው ደጅ ነው።

ስምንተኛው ጉዳይ ተዘጋ በመባሉ ማን ተጠቀመ? የሟቿ ወላጆች በሐሰት ተጽናኑ። መርማሪዎቹ ተመሰገኑ። መንደሩ አንድ ሌሊት እፎይ ብሎ አደረ። ከሁሉም ይልቅ የተጠቀመው ግን ገዳዩ ነው፤ ስለ እርሱ ሌላ ሰው ታስሮለታልና በሰላም ወጥቶ ገባ። ከዚያም በኋላ ሁለት ሴቶች በዚያው አካባቢ ተገደሉ። ንጹሕን መቅጣት አንድ በደል ሳይሆን ሁለት ነው የምንለው ስለዚህ ነው። ንጹሑን ያጠፋል፤ ጥፋተኛውንም ይሸሽጋል።

* * *

አንድ ብርቱ ተቃውሞ እዚህ ላይ ሊነሣ ይችላል፤ መነሣቱም ተገቢ ነው። «አላወቅሁም ማለት ለዳኛ ክብር ሊሆን ይችላል፤ ልጁ ለተገደለችበት አባት ግን ምኑ ነው? ወንጀል ሳይቀጣ ሲቀር አገር አይፈርስምን? ደግሞስ አላወቅሁም የሚለው ቃል የሰነፍ መርማሪ መደበቂያ አይሆንምን?»

ይሆናል። ስለዚህ አለማወቅን ከሁለት እንክፈለው። አንደኛው ሳይለፉ የሚናገሩት ነው፤ ይህ ስንፍና ነው፣ አንዳንዴም ለኀይለኛ ማድላት ነው። በፊልሙ ውስጥ መርማሪዎቹ ዝናብ በዘነበ ሌሊት ማሳውን የሚጠብቅ ኀይል እንዲጨመርላቸው ይጠይቃሉ፤ ሰው የለም ይባላሉ፤ ሠራዊቱ በከተማ የተቃውሞ ሰልፍ ሊበትን ሄዷልና። መንግሥት ዜጋውን ለመምታት ክንድ ሲኖረው ለመጠበቅ ክንድ ካጣ፣ ያ አለማወቅ ይቅርታ የለውም። ሁለተኛው ግን ተለፍቶ፣ ተመርምሮ፣ ከሁሉም ጫፍ ተደርሶ የሚነገር ነው፤ ይህኛው አለማወቅ በሩን አይዘጋም። መዝገቡን ክፍት ይተዋል፤ ማስረጃውን ያስቀምጣል፤ ተበዳዩን አይረሳም።

የሁዋሶንግ እውነት የተገኘው በዚህ በሁለተኛው ዓይነት አለማወቅ ነው። የተገደሉት ሴቶች ዕቃና ልብስ ሦስት ዐሥርት ዓመታት ያህል ሳይጣል ተጠብቆ ቆየ። የዲ ኤን ኤ ጥበብ ረቅቆ ከአሮጌ ጨርቅ ላይ የሰውን ማንነት ማንበብ ሲቻል ያ ጨርቅ ተናገረ። እርግጠኛ ነን ያሉት ሰዎች ንጹሕ ሰው አሠሩ፤ አላወቅንም ብለው ጨርቁን ያስቀመጡት ሰዎች ገዳዩን አገኙት። አባቶቻችን እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚሉት ተረት የትዕግሥት ምክር ብቻ ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን የሥራ ትእዛዝ ሆኖ ይታየኛል፤ እያደር የሚጠራው ማታ ሳይጥሉ ያሳደሩት ነገር ነውና።

ስለ ራሳችን አገርም እንነጋገር። በእኛ በሰሜኑ፣ በወገራም ሆነ በስሜን፣ ደም ከባድ ነገር ነው። ገዳይ በሚታወቅበት ጊዜ እንኳ ደመኛው እርሱን ቢያጣ ወንድሙን፣ ወንድሙን ቢያጣ የአጎቱን ልጅ ይፈልጋል። ይህም ያው የአንገት ፍለጋ ነው፤ ሐዘን ባለዕዳውን ሲያጣ የቀረበውን ይወስዳል። ሽማግሌዎችና ካህናት ጉማ አስከፍለው ደም የሚያደርቁት፣ ወገኖችን መስቀል አስመትተው የሚያስታርቁት ይህን ፍለጋ ለማቆም ነው። በሌላ በኩል ያልጠረጠረ ተመነጠረ እያልን ልጆቻችንን ጥርጣሬ እናስተምራለን። ጥርጣሬ በር ለመዝጋት ይጠቅማል፤ ፍርድ ለመስጠት ግን አይበቃም። በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ያለው ያገራችን ሰው ይህን አሳምሮ ያውቅ ነበር። በቅሎን የሚያህል ሀብት በፍርድ ቢያጣ ይችለዋል፤ ያለ ፍርድ የተነጠቀው ጭብጦ ግን ያንገበግበዋል። ያ እረኛ ያለ ፍርድ ያጣው የዓመት እህሉን ነው።

የተጻፈው ሕጋችንም ይህንኑ ይላል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19 ማንም የተያዘ ሰው በማስገደድ እንዲያምን እንደማይደረግ፣ በማስገደድ የተገኘ ማስረጃም ተቀባይነት እንደሌለው ይደነግጋል፤ በአንቀጽ 20 ደግሞ የተከሰሰ ሰው ጥፋተኛ እስኪባል ድረስ እንደ ንጹሕ የመቈጠር መብት እንዳለው ያረጋግጣል። እነዚህ ቃላት ለወንጀለኛ የተደረጉ ቸርነቶች የሚመስሉት ሰው ብዙ ነው። ቃላቱ ግን ገመዱን ለመቍረጥ የተሰጡ ቢላዋዎች ናቸው። ቢላዋው በሰገባው ከተቀመጠ አይቈርጥም፤ መዝዞ መያዝ ያለበት ደግሞ ዳኛው ብቻ አይደለም፤ በየመንደሩ ሦስተኛ ጊዜ የሚጠየቀው ምስክር ጭምር ነው።

* * *

ተውኔት በመጻፍ ለምንኖር ሰዎች ከዚህ ሁሉ የሚተርፈን የራሳችን ጥያቄ አለ። መድረክ መፍትሔ ይወዳል። መጋረጃው ከመዘጋቱ በፊት ገዳዩ ካልታወቀ ተመልካች ገንዘቤን ተበላሁ ይላል። ለመሆኑ የኮሪያው ጸሐፌ ተውኔትና የፊልሙ አዘጋጅ ይህን ጥማት ቢያረኩስ ኖሮ? በጊዜው ከተጠረጠሩት አንዱን መርጠው ገዳዩ ይህ ነው ቢሉ ኖሮ ሥራቸው ይበልጥ ያስጨበጭብ ነበር። ኋላ እውነቱ ሲወጣ ግን ኪነ ጥበባቸው ሌላ የሐሰት ምስክር ሆኖ በተገኘ ነበር። ዝም በማለታቸው፣ አላወቅንም ብለው መጋረጃውን በመዝጋታቸው፣ ሥራቸው እውነቱ ከወጣም በኋላ ሳያፍር ቆሟል። ከያኒ የሕዝብን ሐዘን መካፈል አለበት፤ ለሐዘኑ ማረፊያ አንገት ማቅረብ ግን የለበትም። ከልጅነቴ ወዲህ ብዙ ገጸ ባሕርያትን በመድረክ ላይ ጥፋተኛ አድርጌ ቀጥቻለሁ፤ በእያንዳንዱ ጊዜ ራሴን የሚደባብስ እጅ መኖር አለመኖሩን መመርመር ግዴታዬ እንደሆነ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

በጥንቱ ሥርዓታችን ከሳሽና ተከሳሽ ነገራቸው እስኪያልቅ ድረስ በአንድ ሰንሰለት ወይም በነጠላ ጫፍ ተቋጥረው ይሄዱ ነበር፤ ቁራኛ ይባላል። ሥርዓቱ ሻረ፤ ቃሉ ግን ቀረልን። የሐሰት ምስክር የመሰከረበት ሰው ቁራኛ ነው። ፓርክ በፊልሙ መጨረሻ ፖሊስነቱን ትቶ ነጋዴ ሆኗል፤ ዓመታት አልፈዋል። አንድ ቀን በዚያ ማሳ ሲያልፍ መኪናውን አስቁሞ ወደ ቦይው ጐንበስ ብሎ ያያል። አንዲት ትንሽ ልጅ ከጥቂት ጊዜ በፊት ሌላ ሰውም እንዲሁ ሲመለከት እንደነበረ ትነግረዋለች፤ ድሮ እዚህ ያደረገውን ነገር አስታውሶ ሊያይ እንደመጣ ነግሯት ኖሯል። ምን ይመስላል? ቢላት ተራ ሰው፣ እንደማንም ሰው ነው ትለዋለች። ፓርክ ቀና ብሎ በቀጥታ ወደ ካሜራው፣ ማለት ወደ እኛ፣ ይመለከታል። ቦንግ ጁን-ሆ ይህን ያደረገው ገዳዩ አንድ ቀን ፊልሙን ያይ ይሆናል ብሎ ነው። እኔ ግን ያ ዓይን ሲመለከተኝ ገዳይ አለመሆኔ አላጽናናኝም።

ያ እረኛ በሕይወት ካለ ዛሬ ከኀምሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። ወደ ዳባት በሄድሁ ቍጥር ከጃን አሞራ ለገበያ የሚወጡትን ሰዎች ፊት እመለከታለሁ። ባየው አላውቀውም። ባገኘው የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያን ቀን ማታ በበረቱ አጠገብ አላየሁህም።